የልጆቹ ዓይነት

ከሐኪም ቤት ለቡ ሰፈር ያለው ቤታቸው እስኪደርሱ በታክሲ ግፊያ የዛለችው ተናኘ ሕፃኑን አልጋ ላይ እንዳስተኛችው፣ አባቷ የልጅ ልጃቸውን ያበጠ ሆድ ሊያሹለት መዳፋቸውን ቅቤ ቀቡ። እጃቸውን ያዘች።

«አይሹት፣ አባዬ። ከተጫኑት እብጠቱ ሊፈነዳ ይችላል ብለውኛል።»

«ምንድን ነው አሉሽ?»

«የኩላሊት ካንሰር።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ዓመቱን ሙሉ እሳቸውን ያደከማቸውም ይኸው በሽታ ነበር።

«ከእኔ ወርሶት ነዋ።»

«አይደለም። የእርስዎንም ነግሬያቸው ነበር። የልጆቹ ሌላ ዓይነት ነው፤ ቶሎ ከታከሙ አብዛኞቹ ይድናሉ አሉኝ። የእርስዎ ዓይነቱ ግን...» አለችና እንባዋ ቀደማት።

ሽማግሌው ቅቤውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«የእኔ ዓይነት ካልሆነ ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?» አሏት።