ዘንጉ ስንት ደቂቃ ቆመ?

«በቃ፣ አሁን እንዳትነኪው» ይላሉ አንጋፋው መካኒክ ፓፓ ሙዲያጋ። ማዞሪያውን ብረት ከእጄ ተቀብለው ግድግዳው ላይ ያስደግፉታል። «ግማሽ ዙር ዞሯል። ከዚህ በኋላ መጠበቅ ነው።»

መጠበቅ ደግሞ አልችልበትም። እናቴ «ገና በሆዴ ሳለሽ እንቅልፍ ነስተሽኛል» ትለኛለች።

ተርባይኑ ፊታችን ተጋድሟል። ዝም ይበል እንጂ ሙቀቱ ሽፋኑ ውስጥ እንዳለ አለ፤ ጣጣውም እሱ ነው። የጋለ ዘንግ ሳይዞር ከቆመ ትኩሱ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ጀርባው ይግላል፣ ሆዱ ይበርዳል፣ ከዚያ እንደ ሽማግሌ ይጎብጣል። ለዚህ ነው እስኪበርድ ድረስ አንዲት ትንሽ ሞተር ቀስ እያለች የምታዞረው። ዛሬ ሞተሯ መብራት አጥታ ቆመች፣ ዘንጉም አብሯት ቆመ።

«ስንት ደቂቃ ቆመ?» አሉኝ ፓፓ፣ እየሮጥኩ ስደርስ።

«ስምንት» አልኳቸው።

ዋሸሁ።

ስምንቷን ከሽፋኑ ወጥቶ በሚታየው የዘንጉ ጫፍ ላይ በጠመኔ ጻፏት። የእሳቸው ዘዴ ይኸው ነው፦ የጋለውን ጎን ወደ ታች ገልብጦ፣ ዘንጉ ቆሞ የቆየውን ያህል ደቂቃ መተው። ትኩሱ አየር በተራው ሌላኛውን ጎን ያሞቅና ያቃናዋል። ደቂቃው ካነሰ እንደጎበጠ ይቀራል። እንደጎበጠ ከዞረ ደግሞ ሽፋኑን እየፋቀ የተርባይኑን ጥርስ ያረግፋል።

ከአራቱ ተርባይኖቻችን የሚሠራው ይሄ ብቻ ነው። እሱ ከተበላሸ የኃይል ማመንጫ ጣቢያው ይዘጋል፤ ከተማችን ዋሪ ደግሞ ለዘጠና ሰባት ሰው የሚሆን ሌላ ሥራ የላትም። ፓፓ ጡረታ ሊወጡ ስድስት ሳምንት ቀርቷቸዋል። የዛሬው ተረኛ አለቃ እኔ ነኝ፣ ኤጂሮ፣ መሐንዲሷ።

የአገሩ የኤሌክትሪክ መስመር ወድቆ ማሽኑ ሲጠፋ የጣቢያው ጄኔሬተር ወዲያው ተነሥቶ ሞተሯን ይዞልን ነበር። ሌሎቹ መስመሩን ሊፈትሹ ወጡ። እኔ መቆጣጠሪያ ክፍል ተቀምጬ ምሳዬን ከፈትኩ፤ አምባዛ ዓሣ በባንጋ፣ በዘንባባ ፍሬ ወጥ፣ ከካሳቫ ገንፎ ጋር። ሁለቴ እንደጎረስኩ አምፖሉ ጠፋ።

«ወሰዱት» አልኩ። መብራት ሲጠፋ ሁላችንም የምንለው እሱን ነው፤ ብለን ወደ ጉዳያችን እንመለሳለን፣ ደስ ሲላቸው ይመልሱታል። ሰዓቴን እንኳ አይቻለሁ፣ ሰባት ከአሥር ይላል። ሰጪዎቹም ወሳጆቹም እኛ መሆናችን ትዝ ያለኝ ዓሣውን ከጨረስኩ በኋላ ነው። መዝጋቢው ኮምፒውተር አብሮ ጠፍቷል። እውነቱን የምታውቀው የእጄ ሰዓት ብቻ ናት።

የዘንጉን መጉበጥ ወደምታሳየው መለኪያ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ግማሽ ዙር ስናዞረው መርፌዋ እስከ ሠላሳ ሮጣ ነበር። ከአምስት ማለፍ የለባትም።

«ልጄ፣ ተቀመጪ። ወለሉን ልትጨርሺው ነው።»

እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቶሳን መፍቻ ፍለጋ በበሩ ብቅ ይላል። ጄኔሬተሩ የጠፋው ማጣሪያው አቧራ ጠግቦ ኖሯል፤ «ትንሽ ታገሡኝ፣ አስነሣዋለሁ» ይላል።

«ሰባት ደቂቃ» ይላሉ ፓፓ፣ ሰዓታቸውን እያዩ። ትንሽ ቆይተው ብድግ ይሉና ብረቱን አንሥተው ዘንጉ ላይ ይገጥሙታል።

«ፓፓ» እላለሁ። «ስምንት አይደለም። ሃያ ሁለት ነው። ምሳዬን እየበላሁ ነበር።»

መፍቻውን ይዞ ሊወጣ የነበረው ቶሳን ከበሩ ይመለሳል። ፓፓ እጃቸውን ከብረቱ ላይ አያነሡም።

«በመቆጣጠሪያ ክፍሉ በኩል ነው የመጣሁት» ይላሉ። «ሳህኑን አይቼዋለሁ። የአምባዛ አጥንት በስምንት ደቂቃ እንደዚያ አይጠራም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ውሸት መሆኑን ነው ያወቅሁት። ስንት እንደሆነ በምን ልወቀው? እሱ ያለው አንቺ ጋ ነው።» ብረቱን አውጥተው ወደ ግድግዳው ይመልሱታል። ጠመኔውን ይሰጡኛል።

ስምንቷን በአውራ ጣቴ አጠፋታለሁ። እጄን ሳልታጠብ ነው የሮጥኩት፤ የዘንባባው ዘይት ዘንጉ ላይ ቀይ መስመር ይተዋል። በላዩ ሃያ ሁለት ብዬ እጽፋለሁ። ዘይቱ ጠመኔውን ስለሚያንሸራትተው የኋለኛዋ ሁለት ትጣመማለች።

«ሃያ ሁለት ደቂቃ ሙሉ በልተሽ ለእኔ ጭራዋን እንኳ አላስቀረሽም?» ይላል ቶሳን፤ ብሎ ወደ ጄኔሬተሩ ይሄዳል። ፓፓ በአፍንጫቸው ይስቃሉ።

አሥራ አራት ደቂቃ ይቀረናል። አፍሬያለሁ፤ ፊቴን የማደርግበት የለኝም። ሆኖም ከሐፍረቱ የባሰው እጅ አጣጥፎ መቆሙ ነው። ትኩሱ አየር እዚያ ውስጥ ሥራውን ይሥራ አይሥራ የሚያይልኝ ሰው የለም።

«አሁን» ይላሉ ፓፓ።

ብረቱን ሁለታችንም ይዘን እንገፋለን። ዘንጉ እያቃሰተ ይነቃነቃል። መርፌዋ አንድ ትላለች፣ ሁለት፣ ሦስት። አራት ላይ ትቆማለች። እንጠብቃለን፣ አታልፍም። እንደገና እንገፋለን፣ አሁንም አራት።

ከውጭ ጄኔሬተሩ ሁለቴ ያስልና ይነሣል። አምፖሎቹ ይበራሉ። በሠራተኞቹ መንደር ያሉ ልጆች «መጣ፣ መጣ» እያሉ ይጮኻሉ። ትንሿ ሞተር ዘንጉን ትይዘዋለች፤ ፓፓም ጣቶቼን አንድ በአንድ ከብረቱ ላይ ያላቅቃሉ።

ጽሑፉን ልጠርግ ጨርቅ አነሣለሁ።

«ተዪው» ይላሉ።

ሃያ ሁለት ቀስ ብላ ወደ ላይ ትወጣለች፣ በፊቴ ታልፋለች፣ ከሥር ትገባለች። ከዚያ ከነጠማማዋ ሁለት ተመልሳ ትወጣለች።