አዲስ ብራና

ፀደንያ ከአባቷ ከመሪጌታ ላፕቶፕ ውስጥ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ፈትታ ስታወጣ፣ እሳቸው በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብራና ላይ የጻፏቸው መጻሕፍት ወደየአድባራቱ ሄደዋል፤ ለእርሳቸው የቀረው እዚያ ዲስክ ላይ ያለው የገጾቻቸው ፎቶ ብቻ ነበር።

"ፒያሳ ላሉት የኮምፒውተር ጠጋኞች ብንሰጠው ሸጋ ነበር" አሉ ደግመው።

"ሁሉንም ገልብጫለሁ አባባ፤ አይስጉ" አለችና በምትኩ የሚገባውን አዲስ ዲስክ፣ ኤስኤስዲውን፣ አቀበለቻቸው። ቅለቱ ገረማቸው። እንደ ተፋቀ ብራና ጠርዙን ይዘው በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

"ምንም አልተጻፈበትም?"

"ገና ነው።"

ኤስኤስዲውን ገጥማ፣ ፍላሹን ሰክታ የኮምፒውተሩን ሲስተም መጫን ስትጀምር ከኋላዋ ቆሙ። የመጫኛው መስመር ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ሞላ። በኋላ ማሽኑ ስም ጠየቀ። የእሳቸውን መጻፍ ስትጀምር እጇን ያዟት።

"ምነው የእኔን?"

"ባለቤቱ እርስዎ አይደሉ?"

"መጽሐፍ ሲያልቅ፣ አንባቢ እንዲጸልይለት መጨረሻው ላይ የማን ስም ነው የሚሰፍረው? የጸሐፊው አይደለም?"

"አባባ፣ ይሄ እኮ…"

"ጻፊ!" አሉና የክርስትና ስሟን ፊደል በፊደል ነገሯት።

ላፕቶፑ ሲከፈት "ወለተ ኪዳን" የሚል ስም መሃሉ ላይ ወጣ። መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት። ከዚያ በሩን ከፍተው፣ ግቢው ውስጥ ብራና የሚፍቁትን ተማሪዎቻቸውን ጠሩ።

"ኑ፣ የጸሐፊዋን ስም አንብቡ" አሉ። "ስታነቡም ጸልዩላት።"