የስልሳ ዓመት ወይፈን

ታናሽ ወንድሙ «ማይም» ብሎ የሰደበው በእናታቸው ለቅሶ ላይ፣ አጎቶቻቸው ፊት ነበር። ዛሬ ያው ወንድሙ የመንግሥት አጥኚ ሆኖ፣ እሱ ጆንያ የሚሸከምበት መጋዘን ድረስ መጣ። የሦስት አገሮችን የጡረታ ሕግ ለተሰበሰበው ሠራተኛ ሲያወዳድር ቆየና፣ «የጡረታ ዕድሜን ወደ ስልሳ አምስት ከፍ ያደረጉት ተጠቅመዋል፤ እኛም ከመጪው ወር እንጀምራለን» አለ።

እሱ በመጪው ወር ስልሳ ሞልቶት ሊያርፍ ነበር።

«በእነዚያ አገሮችስ ጆንያውን የሚሸከመው ማን ነው?» ሲል አንዱ ከኋላ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ወንድሙም እየሳቀ ከቆመበት ወረደና የታላቁን ትከሻ ጨበጥ አደረገ። ትከሻው ከደነዘዘ ቆይቷል፤ ምንም አልተሰማውም።

«ይኸው ጋሼን እዩት! ገና ወይፈን ነው እኮ። አምስት ዓመት ምን አላት? አይደል፣ ጋሼ?»

ጋሼ ብሎት አያውቅም ነበር። ሰው ሁሉ መልሱን ጠበቀ። እሱ ግን የወንድሙን እጅ ቀስ ብሎ ከትከሻው ላይ አነሳና ወደ ጆንያዎቹ ሄደ።