የምትሻገረው ጀልባ

በዚያ ዓመት ከአሰብ በባሕር ወደ የመን የሚኮበልለው ሰው በዝቶ ነበር። የነዳጅ ማጣሪያው መካኒክ ስለሺ፣ ጀልባ ሠሪው ሐንፈሬ ዘንድ ባለሸራ ጀልባ እንደሚያሠራ ሲሰማ፣ የአብዮት ጥበቃ ኃላፊው ጓድ ውድነህ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረደ።

የደቡቡ ነፋስ አሸዋውን እየጠረገ ይነፍሳል። ሐንፈሬ ሳንቃ እየላገ ነበር፤ ቀና አላለም።

«ሰው ሲመጣብህ አትነሣም?» አለው ውድነህ።

ሐንፈሬ ተነሣ። መላጊያውን ግን አልለቀቀም።

ዳርቻው ላይ ሦስት ጀልባዎች ነበሩ። ውድነህ በረጅሟ ጀመረ።

«ይቺ በዚህ ነፋስ የመን ትደርሳለች?»

«አትደርስም። ጎኗ ዝቅ ያለ ነው፤ ማዕበሉ ይሞላታል። እዚሁ ቅርብ፣ በይሉል ወደብ ደርሳ ከተመለሰችም ጥሩ ነው።»

«ያቺስ?»

«ሸራዋ በዝቶባታል። ነፋሱ ሲበረታ ትገለበጣለች።»

ውድነህ ሁለቱን ትቶ ስለሺ ወደሚያሠራት ጀልባ ሄደ። አጠር፣ ደንደን ያለች ናት፤ ፊቷ ወደ ላይ ቀና ብሏል። ጎኗን በጫማው ረገጠው።

«ይቺስ?»

ሐንፈሬ ወደ ሳንቃው ዞረ።

«ልጅህ ዳሃባ አስተማሪ ናት አይደል? ካልተናገርክ ነገ እኔ ዘንድ ትጠራለች።»

ሽማግሌው ባሕሩን አየ። «ትደርሳለች» አለ በመጨረሻ። «ሆዷ ጥልቅ ነው። ድንጋይ ሲጫንባት አትናወጥም።»

«ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ይህ ሁሉ ምን ያደርግለታል?»

«ስለሺ ዋና አይችልም። የማትገለበጥ ሥራልኝ አለኝ፤ ሠራሁለት።»

«ሴትና ልጆች ቢሳፈሩባትስ?»

«ስለሺ ሚስት የለውም።»

«የጠየቅኩህን መልስ።»

«መሐል ላይ፣ ዝቅ ብለው ከተቀመጡ ትችላለች።»

ጀልባዋ ባለቀች ሰሞን ውድነህ ተመልሶ መጣ። ነፋሱ አይሎ ዓሣ አጥማጆቹ ሁሉ ከባሕር ወጥተው ነበር።

«ግባ» አለው ሐንፈሬን። «መሻገር መቻሏን በዓይኔ ሳላይ ክስ አልመሠርትም።»

«ጓድ፣ ዛሬ ባሕሩ ክፉ ነው።»

«ክፉነቱን ነው የምፈልገው።»

ከወደቡ ርቀው እንደወጡ መሪውን ከሐንፈሬ እጅ ነጠቀው። ትልቅ ማዕበል ሲመጣ፣ «አሁን ኮብላዩ ምን ያደርጋል?» እያለ ይጮህበታል። ሐንፈሬም ፊቷን ወደ ማዕበሉ ማዞር፣ የሸራውን ገመድ ማላላት እንደሚያስፈልግ እየተቆጣ ይነግረዋል። ውድነህ አስታወከ፤ መሪውን ግን አልለቀቀም።

በማግስቱ ስለሺ ማጣሪያው በር ላይ፣ ጓደኞቹ እያዩት ተያዘ።

«እኔ በዕረፍቴ ዓሣ ልይዝ ነው» አለ።

ውድነህ በጥፊ መታው። «በማዕበል የምትሻገር ጀልባ አሠርተህ? ሠሪው ራሱ መስክሮብሃል።»

ጀልባዋ በኤግዚቢትነት ተይዛ ወደ ወደቡ ተጎተተች። ውድነህ ሸራዋ እንዳይፈታ፣ ድንጋዩም እንዲጫንባት አዘዘ። «ማስረጃው ሙሉ ይሁን» አለ።

ሐንፈሬ እራት ሲቀርብለት ገፋው።

«አስፈራርቶህ ነው እኮ፣ አባ» አለችው ዳሃባ።

«በእኔ አፍ ነው የታሰረው» አላት። «የሠራሁለት እንዳይሞት ብዬ ነበር።»

ጠዋት ጀልባዋ ከታሰረችበት ጠፍታ ተገኘች። ጠባቂዎቹ ወደ እስር ቤቱ ሮጡ። ስለሺ ክፍሉ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ጀልባዋን ማን እንደወሰደለት ንገረን ብለው ደበደቡት። የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

እየፈሩ ለጓድ ውድነህ ሊያመለክቱ ቤቱ ሄዱ።

በሩ ክፍት ነበር፤ ውድነህም፣ ሚስቱ ትርፌም፣ ልጆቹም አልነበሩም።