ሲቆም የሚፈላው ታክሲ

የአባታቸው አርባ በወጣ ማግስት፣ ልጆቹ ታክሲውን ካልሸጥን ብለው ሙጭጭ አሉ። ገዢ በመጣ ቁጥር ግን መኪናው እዚያው ቆሞ ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ ሲሠራ እየፈላ ያስበረግግባቸዋል። ቢቸግራቸው እኔን መካኒኩን ጠሩኝ።

«ቶሎ ለሽያጭ አድርስልን፤ እማዬ እንደሆነች መንዳት አትችል» አለኝ ታላቅየው። እናትየው ጥቁር ለብሰው ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

ውሃው ሙሉ ነው። ሲነዳ አይግልም፤ ሲቆም ይፈላል። ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ቬንትሌተር አይዞርም ማለት ነው። ከባትሪው በቀጥታ ባገናኘው ዞረ። ገመዱን በእጄ ስከተል ከሾፌሩ ወንበር ስር አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ አገኘሁ። ጠፍታለች። ቀና ስል ሴትዮዋ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ቅንጣት አልደነገጡም።

ኮፈኑን ድርግም አድርጌ ዘጋሁት።

«ሞተሩ አልቆለታል። በነፃ ብትሰጡትም የሚወስደው የለም» አልኳቸው ልጆቹን። እየተነጫነጩ ወጡ።

እናትየው ከመቀነታቸው ቁልፍ ፈትተው የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሞተሩን አስነሱና እጃቸውን ወደ ወንበሩ ስር ሰደዱ። ቬንትሌተሩ መዞር ጀመረ።

«ግባ ልጄ፤ ጋራዥህ ላድርስህ።»