ክለቡ ቤት ድረስ መጣ

የቀድሞዋ ሯጭ ውባለም ይህን ቀን ስትፈራው ኖራለች። በአዲሱ የስፖርት ሕግ አንድ አሰልጣኝ ሯጭ ከበደለ፣ እሱ ቢሞትም ክለቡ ተጠያቂ ነው፤ የክለቡ ፕሬዚዳንት የሆነ ሰው የተበደለችው ሯጭ ቤት ሄዶ፣ በቤተሰቧ ፊት ጥፋቱን በአንደበቱ እስኪናገር ድረስ ቡድኑ አይወዳደርም። እናቷ ደግሞ ምንም አያውቁም ነበር።

ወጣቷ የክለቡ ፕሬዚዳንት ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ "እማማ፣ ልጅዎ ሩጫ ያቆመችው ሰንፋ አይደለም" አለች። "ሟቹ አሰልጣኛችን ስለደፈራት ነው። ክለባችንም እያወቀ ዝም አለ።"

እናትየው ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ይህን ሁሉ ዓመት ሰነፍ ስልሽ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ታምኚኛለሽ ብዬ አላሰብኩም፣ እማዬ።"

እናትየው ቀስ ብለው ተነሡ። ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ይዘው ተመለሱና፣ ድሮ ከልምምድ ስትመጣ እንደሚያደርጉት ተንበርክከው የውባለምን እግር ማጠብ ጀመሩ።

ውባለም እንባዋን ሳትጠርግ እንግዳዋን ቀና ብላ አየቻት። "እግዜር ይስጥልኝ" አለቻት። "እኔ አፍ አውጥቼ ልነግራት አልችልም ነበር።"