የአደራው ፌስታል

ዱባይ ተራ ጫማ ስሸጥ ሃያ ዓመት ሆነኝ። ዕቃ በአደራ ሲሰጠኝ ምንድን ነው፣ የማን ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ እዚህ ሰፈር መጠየቅ ነውር ነው። ዛሬ ጠዋትም አንድ ሰው ነጭ ፌስታል ይዞ መጣና፣ “ጋሼ ሙደሲር፣ ይቺን ለነርሷ ይስጡልኝ” ሲለኝ ባንኮኒ ሥር አስቀመጥኩለት።

ነርስ ሰብለ ወንጌል ከሰዓት መጣች። ሰው መርዝ ቢበትንብን ምን እንደምናደርግ ልታለማምደን ነው። የዳቦ ዱቄት ይበተናል፣ እኛ እያሳልን እንወድቃለን፣ አምቡላንስ ይመጣል። ፌስታሉን ስሰጣት፣ “ይባረኩ ጋሼ፣ የሥራ ጓደኛዬ ኪዳነወልድ ዱቄቱን ልኮት ነው” አለችና ፈታ በተነችው።

ሳልን። ሽቶ ሻጯ ፋጢማ ጭራሽ መሬት ላይ ተንከባለለች።

“አንቺስ ፊልም መሥራት ነበረብሽ!” ብላ ሰብለ ሳቀች።

ስልኳ ጮኸ። አጠገቧ ስለነበርኩ ድምፁ ለእኔም ተሰማኝ።

“ሰብልዬ፣ ኪዳነወልድ ነኝ። ሲኒማ ራስ ጋ መንገድ ተዘግቶብኛል። ዱቄቱን ይዤ እስክመጣ እንዳትጀምሪ።”

ሰብለ ፊቷ አመድ መሰለ።

“በቃ! ልምምዱ አልቋል፣ ተነሱ!” ብላ ጮኸች።

ማንም ማሳሉን አላቆመም። እኔም ላቆም ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ።